ሰባተኛዋን ማን ወሰዳት?

አያሃ ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የወተት ሻይ ፊቴ ተቀምጦ የተዋረድኩበትን ቀን ልንገራችሁ።

አያሃ ሐርጌሳ ዳር ያለ፣ ነፋስ የማይጠፋበት ሰፈር ነው። ከስደት የተመለሱና ቤት ያጡ ሰዎች ሰፍረውበት፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ አያሃ አንድ፣ አያሃ ሁለት እየተባለ ይጠራል። እኔ እዚያ የምኖረው ኪራዩ ስለሚረክስ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ግን «ጸጥታውን ወድጄ» እላለሁ።

ሻይ የሚያፈሉልን ኢዶ ናቸው። እዚህ አክስትን ኢዶ ይላሉ፤ እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው ኢዶ እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ መዓሊን ይሉኛል፤ መምህር ማለታቸው ነው። አማርኛቸው ከእኔው ይጣፍጣል። በ1988 (እ.ኤ.አ.) ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ድንበር ተሻግረው ሐርታ ሼክ መጠለያ ዓመታት ኖረዋል፤ በኋላም ጅጅጋ ነግደዋል። ስለዚህ ስዋሽ በአማርኛም ይሰሙኛል፣ በሶማልኛም ይሰሙኛል። ማምለጫ የለኝም።

የልጅ ልጃቸው ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ደብተሩን ይዞ መጣና «መዓሊን፣ አህጉር ስንት ነው?» አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስመዝግብ። እኔ የማስተምረው ሒሳብ ነው። መቁጠር እንጀራዬ ነው።

«ሰባት» አልኩ፣ ብርጭቆዬን ከአፌ ሳላወርድ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬም የተከበርኩ ሰው ነበርኩ። ግን ማን ጠይቆኝ እንደሆነ እንጃ፣ ጣቶቼን ዘረጋሁ። «እስያ፣ አውሮፓ፣ ሰሜን አሜሪካ፣ ደቡብ አሜሪካ፣ አውስትራሊያ፣ አንታርክቲካ።» ስድስት። ከአውራ ጣቴ ጀምሬ ደገምኩ። ስድስት። ከትንሿ ጣቴ ጀመርኩ። ያው ስድስት። ልጁ እርሳሱን አሹሎ ይጠብቃል። ላቤ መጣ። «መካከለኛው ምሥራቅ» ብዬ ሞላሁት። ልጁም ጻፈ።

ኢዶ ማማሰያቸውን ከማሰሮው አወጡ። «መዓሊን» አሉ ቀስ ብለው፣ «አንተ የተቀመጥክባት ምንድን ናት?»

«በርጩማ።»

«ከበርጩማው በታችስ?»

አፍሪካ ነበረች።

እንግዲህ ይህ በሽታ ዛሬ የጀመረኝ አይደለም። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ወረቀት በዘይት ቀብቼ የአፍሪካን ካርታ ገልብጬ ነበር። ዘይቱ በዝቶ ምዕራቡ በኩል ተንሸራተተብኝ። መምህሬ ወደ ብርሃን አንስቶ አየውና «የበግ ታፋ ነው?» አለኝ። ማዳጋስካርን የዘይት ጠብታ መስሎት በእጅጌው ሊጠርግልኝ ሞከረ። በዓመቱ ደግሞ «ፓንጋያን አብራራ» የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ መጣ። እኔም በሚያምር የእጅ ጽሕፈት «ፓንጋያ መሬትን የከፋፈለ ታዋቂ የግሪክ ሊቅ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ግማሽ ማርክ አገኘሁ። ግሪክ ያልኩት ሳይሆን አይቀርም ያዳነኝ፤ ቃሉ ከግሪክ ነውና፣ «መላው ምድር» ማለት ነው። ዛሬ ተበታትነው የምናያቸው የብሶች ሁሉ አንድ ላይ ተጋጥመው የነበሩበት ታላቅ ምድር ስም ነው። መበጣጠስ የጀመረው ከ200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሊቁ የከፋፈለው የለም፤ ራሱ ነው የተከፋፈለው።

ኢዶ ፊት የደረሰብኝን ውርደት የሆነ ቦታ መወጣት ነበረብኝ። ዕድል በመምህራን ክፍል ሰጠኝ። አንድ የአገሬ ልጅ፣ የፊዚክስ መምህር፣ «አህጉሮች» ሲል ሰማሁት። እኔ ከቄስ ትምህርት ቤት ይዣት የወጣሁ አንዲት የግዕዝ ሰዋስው አለችኝ፤ እንደ ክት ልብስ ለሰው ፊት ብቻ የማወጣት። «ይቅርታ አድርግልኝና» አልኩ፣ ይቅርታ በሌለበት ድምፅ፣ «አህጉር ራሱ ብዙ ቁጥር ነው። በግዕዝ አንዱ ሀገር፣ ብዙው አህጉር። አህጉሮች ማለት ሰዎችዎች እንደማለት ነው።»

ዝም አለ። ሻዬን ፉት አልኩ። ያን ቀን ስኳር አላስፈለገውም።

«ስለዚህ የአህጉር ነጠላው ሀገር ነው?» አለኝ ከቆይታ በኋላ።

«ነው እንጂ!»

«አፍሪካ ደግሞ አንድ ናት።»

«አንድ ናት።»

«እንግዲያው አፍሪካ ሀገር ናት ማለት ነው።»

ፈረንጅ አፍሪካን እንደ አንድ ሀገር ቆጠራት ብለን ስንት ዘመን ስንከራከር ኖረናል። ነገሩን በግዕዝ ሰዋስው ያጸደቅኩለት እኔ ነኝ። የድሮ ሰዎች «ክፍለ ዓለም» እያሉ በሰላም ይኖሩ ነበር። ምን እንደነካን እንጃ።

ከዚያ የጂኦግራፊው መምህር ታመመና ክፍለ ጊዜውን እንድሸፍን ተጠየቅኩ። «አልችልም» ማለት ለእኔ እንደ ሳል ነው፤ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ይመለሳል። የዓለምን ካርታ ተሸክሜ ገባሁ፣ ጀርባዬን ለተማሪዎቹ ሰጥቼ ከምስማሩ ላይ ሰቀልኩት፣ ክራባቴን አስተካክዬ ዞርኩ። ሁሉም አንገታቸውን እንደ ዶሮ ጠምዝዘዋል። ካርታው ተገልብጧል። አንታርክቲካ ጣሪያው ሥር ተቀምጣለች፣ ሩስያ ወለሉን ትጠርጋለች።

ሰው እንዲህ ሲገጥመው ሁለት መንገድ አለው። አውርዶ አስተካክሎ መስቀል አንዱ ነው። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። «ሆን ብዬ ነው» አልኩ። «የጥንት ሰዎች ካርታ የሚስሉት ደቡብን ወደ ላይ አድርገው ነበር።» ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ፈጠራ ነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ በተገለበጠ ዓለም ላይ አስተማርኩ፤ እኔም አንገቴን ጠምዝዤ።

ማታ በጭንቀት ስልኬን ከፍቼ ሳነብ እውነት ሆኖ ቁጭ! አል ኢድሪሲ በ1154 (እ.ኤ.አ.) ለሲሲሊው ንጉሥ ሮጀር የሠራው የዓለም ካርታ ደቡቡ ከላይ ነው። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ1450 ገደማ የሳለውም እንደዚያው። ይባስ ብሎ ፍራ ማውሮ ስለ እኛ አገር ወንዝና ተራራ የጠየቀው ወደ ጣልያን የተጓዙ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትን ነው። እነዚያ አባቶች በእግራቸው ኢየሩሳሌምን፣ በመርከብ ጣልያንን አዳርሰው፣ ያገራቸውን ወንዝ ስም ሳይዘነጉ አስመዘገቡ። እኔ ከበርጩማ ሳልነሳ አፍሪካን ረሳሁ። ያም ሆኖ ውሸቴ እውነት መሆኑ የሰጠኝን ደስታ አልደብቅም። ሳምንት ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ደረቴን ያስተነፈሰችው ሁለተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ ልጅ ናት። በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ (ካርታውን ሦስት ጊዜ አረጋግጬ ከሰቀልኩ በኋላ) ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ በመቀስ ስትቆርጥ አየኋት። ቀረብኩ። ከደብተሯ ጀርባ ካለው ካርታ ላይ የመንን ቆርጣ አውጥታ፣ የበርበራን ጠረፍ ከኤደን ጋር እያስጠጋች ነው። «መዓሊን፣ ይገጥማሉ» አለች።

እኔም አንድ ትልቅ ሰው የሚለውን አልኩ። «ካርታ አይቆረጥም። ደግሞ ግጥምጥሞሽ ነው። የእኔና የአንቺ ጫማም ይገጥማል፤ ታዲያ ዘመድ ነን?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁን ወደድኩት። የመቀስ ብናኙን በእጇ ጠርጋ ዝም አለች።

ያን ሌሊት ነው ያነበብኩት። ጠረፍ ከጠረፍ ይገጥማል ያለ የመጀመሪያ ሰው እሷ አልነበረችም። ካርታ ሠሪው አብርሃም ኦርቴልዩስ በ1596 አሜሪካ ከአውሮፓና ከአፍሪካ ተቦጭቃ የሄደች ትመስላለች ብሎ ጽፎ ነበር። ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬግነር ደግሞ የአየር ጠባይ ባለሙያ ነበር፤ በ1910 የሰው አትላስ ሲያገላብጥ ያው ነገር ዓይኑ ውስጥ ገባ። በ1912 ፍራንክፈርት ላይ ለሥነ ምድር ሊቃውንት ተናገረ፤ በ1915 መጽሐፍ አወጣ። ማስረጃው መቀስ ብቻ አልነበረም። ሜሶሳውረስ የምትባል ውቅያኖስ ዋኝታ ማቋረጥ የማትችል ትንሽ ተሳቢ አለች፤ አፅሟ ብራዚልም ደቡባዊ አፍሪካም ይገኛል። እንዴት ተሻገረች? ቬግነር አልተሻገረችም አለ። ምድሩ ነው የተለያየባት።

ሊቃውንቱ ምን አሉ? ጫማ አሉ። ቃሉ ይለያይ እንጂ ሳቁ የእኔ ሳቅ ነው። «የዝናብ ሰው ስለ ድንጋይ ምን አገባው?» ዓይነት። እውነት ለመናገር አንድ ጥሩ ጥያቄ ነበራቸው፤ ይህን የሚያህል ምድር ማን ነው የሚገፋው? ቬግነር ለዚህ የረባ መልስ አልነበረውም፤ ፍጥነቱንም እጅግ አጋንኖ ነበር። በ1930 ግሪንላንድ በረዶ ላይ ሲሞት ገና 50 ዓመት እንደሞላው ነበር፤ የሳቁበት ሰዎች ደግሞ ገና አልጨረሱም ነበር።

ከዚያ ማሪ ታርፕ መጣች። አሜሪካዊት ናት። ያኔ ሴት መርከብ ላይ አትወጣም ስለተባለ፣ ወንዶቹ ባሕር ላይ የለኩትን ጥልቀት ቢሮ ተቀምጣ በእጇ ትስላለች። በ1952 አትላንቲክ መሐል ባለው የባሕር ውስጥ ተራራ ሰንሰለት አናት ላይ ስንጥቅ አየች። ለባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን ብታሳየው የሴት ወሬ አድርጎ አጣጣለው። በኋላ የመሬት መንቀጥቀጥ የተመዘገበባቸው ነጥቦች በሌላ ካርታ ሲሰፍሩ ልክ በእሷ ስንጥቅ ላይ ተሰለፉ። አፉን ያዘ። መልሱም ከዚያው ስንጥቅ መጣ፤ ከታች የቀለጠ ድንጋይ እየወጣ አዲስ ወለል ይሠራል፣ አሮጌው ወደ ግራና ቀኝ ይሸሻል። በ1960ዎቹ የዓለም ሊቃውንት ባንድ ጊዜ «እኛም ጠርጥረን ነበር» ማለት ጀመሩ። ይቺን ዐረፍተ ነገር እኔ ብቻ የምጠቀምባት ይመስለኝ ነበር።

እኔን የገደለኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ያ የባሕር ውስጥ ስንጥቅ ዓለምን ዞሮ ዞሮ ይመጣና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ይገባል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ የዓረብን ምድር ከእኛ እየገነጠለ ያለው እሱ ነው። የመንና በርበራ አንድ ምድር ነበሩ። ልጅቷ በአምስት ብር መቀስ ያደረገችው፣ መሬት ያደረገችውን ወደኋላ መመለስ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ይቅርታ ልጠይቃት አሰብኩ። አሰብኩ ነው ያልኩት። ያደረግኩት ግን ሰሌዳው ላይ «ቬግነር» ብዬ በትልቁ ጽፌ፣ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ይመስል ማብራራት ነበር። እጇን አወጣች። «መዓሊን፣ ትናንት ጫማ ነው ያልከው።» ክፍሉ ሳቀ። ይህኛው ሳቅ እንደ ትናንቱ አልጣፈጠኝም።

ትምህርት ሲዘጋ ከባልደረቦቼ ጋር በርበራ ወረድን። የባሕር በር ወሬ ከተነሳ ወዲህ እኛ የደጋ ልጆች ሁላችንም የባሕር ሊቅ ሆነናል። መኪናው ተራራውን ወርዶ ሰማያዊው ነገር ብልጭ ሲል፣ ከመስኮት ወጥቼ «ቀይ ባሕር!» ብዬ ጮኽኩ። እንባዬ መጣ። ቪዲዮ ቀረጽኩ። ለአሥራ ሰባት ሰው ላክኩ። ሾፌሩ ሳቁን እንደ ምራቅ ውጦ፣ «ቀይ ባሕር ከባብ ኤል መንደብ ወዲያ ነው፤ ይሄ ኤደን ነው» አለኝ። «በጥቅሉ ማለቴ ነው» አልኩት። ከአሥራ ሰባቱ አሥራ አራቱ እስከ ዛሬ «ቀይ ባሕርን ያየው ልጅ» ይሉኛል። አላረምኳቸውም።

ከቪዲዮው ሌላ አንድ ፎቶም አለኝ። ከአዲስ አበባ ሐርጌሳ የመጣሁት በአውቶቡስ ነው። ጎኔ የተቀመጠ ልጅ ለሳቅ ያነሳኝ ፎቶ ላይ አፌ ተከፍቶ፣ ራሴ ወደኋላ ተንጋሎ ተኝቻለሁ። ከተከፈተው አፌ ጀርባ በመስኮቱ የመተሐራ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይና የፈንታሌ ተራራ ይታያሉ። ልክ እዚያ ጋ አፍሪካ ለሁለት እየተቀደደች ነው። ምዕራቡ ቁራጭ፣ ሊቃውንቱ ፕሌት የሚሉት፣ ኑብያ ይባላል፣ ምሥራቁ ሶማሊያ። ስፌቱ ከአፋር ተነስቶ በአዋሽ፣ በዝዋይ፣ በላንጋኖ አድርጎ ወደ አባያና ጫሞ ይወርዳል። አዲስ አበባ በምዕራቡ ከንፈር ላይ ናት፤ ጭሮ፣ ሐረር፣ ጅጅጋና ሐርጌሳ በምሥራቁ። እኔ ከአንዱ የምድር ቁራጭ ወደ ሌላው የተሻገርኩት እያንኮራፋሁ ነው። ውጃሌ ስንደርስ ግን ወርጄ፣ ልብሴን አራግፌ፣ መንገዱ ላይ በተወጠረው ገመድ ፊት ቆሜ «ዛሬ ድንበር ተሻገርኩ» ብዬ የክብር ፎቶ ተነሳሁ።

በመንገደኝነት ጓደኞች አሉኝ፤ ያጽናኑኛል። ኮስማስ የሚባለው ነጋዴ በስድስተኛው መቶ ዘመን አዱሊስ ድረስ መጥቶ፣ የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ የድንጋይ ጽሑፍ ሳይቀር ገልብጦ፣ ያን ሁሉ ባሕር በዓይኑ አይቶ ሲያበቃ፣ ገብቶ ምድር ጠፍጣፋ ናት ብሎ መጽሐፍ ጻፈ። ኮሎምበስም አራት ጊዜ ተመላልሶ፣ የደረሰው እስያ መስሎት በ1506 ሞተ። እኔ ቢያንስ ውጃሌ መሆኔን አውቄያለሁ።

በዚያ ስፌት፣ በስምጥ ሸለቆው ላይ ያለኝ ኃጢአት ግን ከዚህም ይከብዳል። መስከረም 16 ቀን 1998 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ደመራ ላይ ነበርኩ። ደመራው በየት በኩል እንደወደቀና ለዘመኑ ምን ማለት እንደሆነ ከጎኔ ላሉት ሁሉ ሳብራራ አመሸሁ። በዚያችው ዕለት አፋር ውስጥ፣ ዳባሁ ተራራ አጠገብ፣ ምድር አፏን ከፍታ አመድ ትተፋ ነበር። በዚያ ሰሞን 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ላይ የቀለጠ ድንጋይ ከሥር ገብቶ ምድሪቱን እስከ 8 ሜትር አራራቃት። የብዙ መቶ ዓመት ጉዞ በጥቂት ሳምንት። አህጉር ሲቀደድ እኔ የጭስ አቅጣጫ እተነትናለሁ። ወሬውን ስሰማ ደግሞ፣ አፋር አንድ ቀን ባሕር ይሆናል መባሉን ብቻ ነጥዬ ያዝኩ። ያጎቴን ልጅ «አሁኑኑ እዚያ መሬት ግዛ፣ የባሕር ዳርቻ ሆቴል ትሠራለህ» ብዬ መከርኩት። «መቼ ነው ውሃው የሚመጣው?» ሲለኝ ጥቂት ሚሊዮን ዓመታት የሚለውን ገና አላነበብኩም ነበር። «በቅርቡ» አልኩት።

መጠየቅ ብፈልግ ሩቅ አልነበረም። አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመሬትን ትርታ የሚያዳምጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አለ። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን ለዓመታት መርተውታል፤ በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አውጥተዋል። እኔ በዚያ በኩል እስፕሪስ ልጠጣ መቶ ጊዜ ሳልፍ ታፔላውን በግማሽ ዓይን አንብቤ የወገብ ሕክምና መስሎኝ ነበር። አንዴ እንዲያውም ወገቤን ሲያመኝ ልገባ ምንም አልቀረኝም።

ታዲያ በ2017 ዓ.ም. የገና ሰሞን፣ ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ ምድር መንቀጥቀጥ አላቆም ብላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ሲነሳ፣ አንድ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው።

«ልጄ፣ አልጋዬ ተወዛወዘ። አምፖሉም ሄደ መጣ አለ።»

ያ ሁሉ ያነበብኩት ለዚህች ሌሊት ነበር። ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። «እማዬ፣ አትደንግጪ። ፕሌቱ ተንቀሳቅሶ ነው።»

«ምኑ?»

«ፕሌቱ።»

ዝም አለች። የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ወደ ኩሽና ሲሄድ፣ ቁም ሳጥን ሲከፈት፣ ነጠላ ጫማው ሲመለስ ሰማሁ። «አንድ ስኒ ነው የወደቀው» አለች። «ሳህኖቹ ሁሉ ደህና ናቸው።»

ከመጀመሪያው ጀመርኩላት። አፍሪካ እየተቀደደች መሆኑን፣ እሷ በአንዱ ቁራጭ እኔ በሌላው መሆናችንን፣ በመካከላችን ያለው ምድር በየዓመቱ እየተለጠጠ መሆኑን። ድምፄ ራሴን አሳዘነኝ። አምስት ዓመት ቤት ያልሄደ ልጅ እንዲህ ያለ ምክንያት አግኝቶ አያውቅም። እኔ አልራቅኩም፤ መሬት ነው የወሰደኝ።

«በዓመት ስንት ይርቃል?» አለች።

«6 ሚሊ ሜትር ገደማ።» ጥፍሬ በሁለት ወር የምታድገውን ያህል ነው፤ ይህን ግን አልነገርኳትም።

«በአምስት ዓመት ስንት ሆነ?»

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። «ሦስት ሳንቲ ሜትር።»

«ለሦስት ሳንቲ ሜትር ነው አምስት ዓመት የቀረኸው?»

ለፋሲካ ሄድኩ። ስፌቱን በዓይኔ ላየው ምዬ፣ ሦስት ማስቲካ ገዝቼ፣ መስኮት በኩል ወንበር ይዤ። ሚኤሶ ድረስ እንደ ዘብ ነቅቼ ነበር። ከዚያ የነቃሁት ረዳቱ «አዳማ ወራጅ!» ሲል ነው። ማስቲካው አገጬ ላይ ደርቆ ነበር። ስመለስም ያው ነው፤ ዝርዝሩን ተዉት።

ባለፈው ሳምንት የኢዶ የልጅ ልጅ ደብተሩን ይዞ እንደገና መጣ። በዚህ ዓመት ሰባተኛ ክፍል ገብቷል፤ መዓሊኑን ግን አልቀየረም። «መዓሊን፣ አህጉር ስንት ነው?» አለ፣ ፊቱ ላይ የሚስቅ ነገር እያለ።

በዚህ ጊዜ ተዘጋጅቻለሁ። እጄን ወደ ታች ዘርግቼ አፈሩን በመዳፌ መታ መታ አደረግኩ። «አፍሪካ!» አልኩ፣ ለኢዶ እንዲሰማ። «እስያ፣ አውሮፓ፣ ሰሜን አሜሪካ፣ ደቡብ አሜሪካ፣ አንታርክቲካ።» ጣቶቼን አየሁ። ስድስት።

ኢዶ ማማሰያውን አላወጡም እንኳ። «አውስትራሊያ የት ሄደች?»

«ኢዶ» አልኳቸው፣ «ከሁሉም ፈጣኗ እሷ እኮ ናት። በዓመት 7 ሳንቲ ሜትር ትሄዳለች። ወጣ ብላ ይሆናል።»

ሻዩን ቀዱልኝ። ሒሳቡን በዛድ፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያው፣ ስልክላቸው አንድ ዜሮ አሳስቼ ነበር።